ሩቅ የማያይ ቀለበት

ሬሳውን ያገኙት አያ አበቡ ናቸው። ጊዜው ኅዳር 1990 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከጎንደር በስተሰሜን፣ ኮሶዬ። ረቡዕ ጧት ከገደሉ አፋፍ በታች ጥንብ አንሣ ሲዞር አዩና የጠፋች በጋቸውን ፍለጋ ወረዱ። በግ አልነበረም። በደረቱ የተደፋ ሰው ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ጎድጉዷል። ሲገለብጡት አፉ ተበርግዶ ቀረ። ውስጡ የነሐስ ቀለበት ተወትፏል። የጣት ቀለበት አይደለም፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያክላል። እሱን ለማስገባት ሁለት የፊት ጥርስ ተሰብሯል።

ኢንስፔክተር ዐብዱልከሪም አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ ጨርቅ ሲሸጡ እሱ ሠላሳ ዓመት ሬሳ ሲያይ ኖሯል። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። ተንበርክኮ ቀለበቱን በመሐረብ አወጣ። ድዱን አየ። ብዙም አልደማም።

«መጀመሪያ ተገደለ፤ ቀለበቱ ኋላ ገባ» አለ።

አብሮት የመጣው ፖሊስ ይህ ምን ለውጥ እንዳለው ጠየቀ። ዐብዱልከሪም የሟቹን አንገት እያየ ነበር። ፀሐይ ያልነካው፣ ነጣ ያለ የማንገቻ መስመር አለ። የሚንጠለጠለው ነገር ግን የለም።

ሟቹ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላል። ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን በሠራው ፎቅ፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ተራራውንና ጭላዳ ዝንጀሮውን እያነሣ ለቱሪስት ፖስት ካርድ ያሳትም ነበር። ሥራው ሸጋ፣ አፉ እሬት የሆነ ሰው ነው። ሁለት የኒኮን ካሜራ ነበረው፤ ሌንስ ግን ለሁለቱም አንድ ብቻ። አንዱን ካሜራ ከነሌንሱ ከአንገቱ አያወርድም፤ ሌላው ሌንስ አጥቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜኒት በሚባል አሮጌ የሩሲያ ካሜራ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ ኖረ። ጥቅምት ላይ የዜኒቱ መዝጊያ ተሰበረ። ሌንሱ ደኅና ነው፤ ነገር ግን የሩሲያው ሌንስ ሣጥን ውስጥ ያለውን የጃፓን ኒኮን አይገጥምም። ስለዚህ ተክለ ጊዮርጊስ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀለበት አሠራ። ፎቶ አንሺዎች አዳፕተር ይሉታል።

የሠራው ሰጠኝ ነው። በጎንደር ከእሱ የተሻለ የብረት ሠራተኛ የለም ይባላል። ተክለ ጊዮርጊስ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ገበያተኛ በሞላበት ቅዳሜ፣ ወንድሙን አስከትሎ ተመለሰና ቀለበቱን ፊቱ ላይ ወረወረበት።

«የላም ሰኮና ከአንተ እጅ ይሻላል። ውሰድና ለሚስትህ አምባር አድርግላት።»

የሰጠኝ ግንባር ደማ። «ይህን ቀለበት አንድ ቀን አስውጥሃለሁ» አለ። ሠላሳ ሰው ሰምቷል።

ሟቹ ሐሙስ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ምንይችል ሁለት የአጎቱን ልጆች ይዞ ቶርኖ ቤት ገባ። ሰጠኝን ያዙት። ብረት ጠምዶ በሚሞርድበት በገዛ ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ ቀኝ እጁን አስገቡት። እጀታውን የጠመዘዘው ምንይችል ነው፤ የወንድሙን ስም እየጠራ፣ እያለቀሰ። ጎረቤት ቆሞ አየ። ተው ያለ የለም። ፖሊስ ደርሶ ሞርሳውን ሲፈታ ሰጠኝ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያም ሆስፒታል አስተኝተው በር ላይ ጠባቂ አቆሙበት፤ በነፍስ ግድያ የሚፈለገው እሱ ነውና።

የጣቢያው አዛዥ መዝገቡ ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ አለ።

«ዛቻ አለ፤ ቀለበት አለ። ሰጠኝ ማክሰኞ በወባ ተኝቼ ነበር ይላል፤ ሚስቱ ዳባት ነበረች፤ ያየው ሰው የለም። ምን ትጠብቃለህ?»

«ሰኞን» አለ ዐብዱልከሪም።

ፍርዱ ሞት ሊሆን እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ።

ዓርብ ዕለት ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደ። ምንይችል ፂሙን ሳይላጭ ጥቁር ለብሶ ተቀበለው። ጉርድ ፎቶ የሚነሣበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ከወንበሩ እስከ ካሜራው ሦስት እርምጃ። መስኮት የለውም። ካሜራው በብረት እግር ላይ በብሎን ተጠፍሯል። ከጎኑ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አለ።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ውስጥ። ሙሉ ቀን ሳጥብ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ከሳንጃ ሰሊጥ የጫነው መኪና አደባባዩ ላይ ተገልብጧል። ካሜራውን ፈትቼ ከሰገነቱ ላይ አነሣሁት። ማታውኑ ለትራፊክ ፖሊስ ሰጠሁ፤ ይጠቅማቸዋል ብዬ።»

ሥዕሉን ዐብዱልከሪም ጣቢያ አይቶታል። መኪናው የተገለበጠበትን ሰዓት ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግማሹ ሰሊጥ ሲዝቅ ነበር።

«በየትኛው ካሜራ አነሣኸው?»

«በዚሁ ነው።»

«በዚሁ ሌንስ?»

«በዚሁ በዜኒቱ። ሌላ ምን አለኝ?»

«የወንድምህስ?»

ምንይችል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ጋሼ ያንን ከአንገቱ ሊያወርድ? ሲተኛ እንኳ ትራሱ ሥር ነው። እኔ አንድ ቀን ብነካው በአልኮል ጠረገው፤ ሰው ፊት። ማክሰኞ አንግቶት ነው የሄደ። ገዳዩ ወስዶታል።»

ፖሊሶቹ ቤቱን ፈተሹ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስት የፎቶ ወረቀት ካርቶን ተደርድሯል። አንዱ ፖሊስ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ምንይችል ያዘው፤ ብርሃን ካገኘ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ሙሉ ካርቶን ከጥቅም ውጭ ይሆናል አለ። ፖሊሱ አፍሮ እጁን ሰበሰበ። ዐብዱልከሪም ካርቶኖቹን አየ።

ከዚያ የሟቹን ሚስት የትነበርሽን አነጋገረ። ሐዘን ላይ ናት፤ ዐይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ባልሽን ትወጂው ነበር?»

«አብስዬ አበላው ነበር።»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«የሚያውቀው ሁሉ።»

ማክሰኞ ባሏ ጧት ካሜራውን አንግቶ መውጣቱን አረጋገጠች። ሰባት ሰዓት ላይ ለምንይችል ምሳ ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ እንደሄደችም ነገረችው። የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት በርቷል። አንኳኳች፤ መልስ የለም። ቀይ መብራት ሲበራ በሩ አይከፈትም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ማታ ስትመጣ ምሳው እንዳለ አገኘችው።

«ይህን ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዐብዱልከሪም ጻፈው። ግን ብዙ አይመዝንም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ላይመልስ ይችላል፤ ሳይበላም ሊውል ይችላል።

ቅዳሜ ጧት አያ አበቡ ጣቢያ ቀረቡ። ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሟቹን በሕይወት ከቅርብ አይተውታል፤ በአንገቱ ባንጠለጠለው ጥቁር ካሜራ ጭላዳ ሲያነሣ። ትንሽ ቆይቶ ጋቢ የተከናነበ ሰው ከገደሉ ወደ መኪና መንገዱ ሲወርድ በሩቁ አዩ።

«ማን እንደሆነ ለዩት አያ አበቡ?»

«ምነው ጌታዬ፣ በዚያ ርቀት? የእኔ ዐይን ጋቢና ሰው ይለያል እንጂ ሰውና ሰው አይለይም።»

ከዚያ ዐብዱልከሪም ወደ ሆስፒታል ሄደ። የሰጠኝ ቀኝ እጅ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ሁለት ጣት እንደሚቆረጥ ነግሮታል።

«ሦስት ዙር ተኩል ነው ያዞረው» አለ ሰጠኝ፣ ሳይጠየቅ። «ቆጥሬዋለሁ። ልማድ ነው።»

ዐብዱልከሪም ከሟቹ አፍ የወጣውን ቀለበት አሳየው። ሰጠኝ በግራ እጁ ዳሰሰው።

«ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ወፍራሙ። ፊቴ ላይ የወረወረው።»

«ሌላ አለ?»

«ሁለተኛ ሠርቼለታለሁ። አሁን በጉርድ ፎቶው ካሜራ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ሰድቦህ፣ አድምቶህ?»

«ለእሱ ብዬ አይደለም። ሥራዬ እንዲያ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«ይህኛውን ያን ዕለት ማን አነሣው?»

«ምንይችል። ሰው ደሜን ሲያይ እሱ ከመሬት አነሣና ኪሱ ከተተው።»

ይህንንም የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም፤ ተጠርጣሪ ደግሞ ለራሱ ይናገራል።

«ተክለ ጊዮርጊስ ቀለበቱን የጣለው ምን ጎድሎት ነው?»

ሰጠኝ ዐይኑን ጨፈነ። ከጣቱ ይልቅ ይህ ያመመው ይመስላል።

«ሩቅ አያይም ብሎ። እውነቱን ነው፤ አያይም። ግን ጥፋቱ የእጄ አይደለም። በካሊፐር ለክቼዋለሁ። ያ ሌንስ ከፊልሙ አርባ አምስት ሚሊ ተኩል ርቆ መቀመጥ ይፈልጋል። የኒኮኑ አፍ ደግሞ ገና ከጅምሩ ከፊልሙ አርባ ስድስት ተኩል ይርቃል። ቀለበቱን እንደ ወረቀት ባሳሳውም ሌንሱ አንድ ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ከምንም ያነሰ ቀለበት መሥራት አልችልም። ነገርኩት፤ አልሰማኝም።»

«አንድ ሚሊ ብቻ?»

«አንድ ሚሊ ለእርስዎ ምንም ነው። ለመስተዋት ግን ብዙ ነው። ቅርቡን ያጠራዋል። ከአራት እርምጃ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል።»

«ሁለተኛውም?»

«ያው ነው። ለፊት ፎቶ ይበቃል ብሎ ለወንድሙ ሰጠው።»

«ምንይችል ይህን ያውቃል?»

«ማን ይነግረዋል? ጋሼው ከስድብ በቀር ምን ነግሮት ያውቃል። ክፍሉ ሦስት እርምጃ ነው።»

ዐብዱልከሪም ወደ ጣቢያ ተመልሶ የተገለበጠውን መኪና ሥዕል ከትራፊክ ክፍል አስመጣ። በማጉያ መነጽር ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አዛዡን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፎቶ ቤቱ እንዲመጣ ለመነው።

እሑድ ሁሉም ሰገነቱ ላይ ተሰበሰቡ፤ የትነበርሽ፣ ምንይችል፣ ሁለቱ የአጎት ልጆች፣ አያ አበቡና አዛዡ። ሰጠኝ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምንይችል አየውና መሬት ላይ ተፋ።

ዐብዱልከሪም የጉርድ ፎቶውን ካሜራ ከብረት እግሩ አስፈትቶ አምጥቶ ነበር። ለአያ አበቡ ሰጣቸው።

«ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ጫማ ቤት ይዩበት።»

አያ አበቡ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው አዩ። «ጉም ወርዷል» አሉ። ካሜራውን ዝቅ አድርገው በባዶ ዐይናቸው አዩ። ፀሐይ ነው። ሳቁ።

የትነበርሽ ተቀብላ አየች፤ ለአዛዡ አሳለፈች። አዛዡ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። «ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም» አለ ዐብዱልከሪም። ሌንሱን ከነቀለበቱ ነቀለ፤ ቀለበቱን አወለቀ፤ ሌንሱን በአሮጌው ዜኒት ላይ አጠበቀው። የዜኒቱ መዝጊያ ቢሰበርም መመልከቻው ደኅና ነው። እንደገና ለአያ አበቡ ሰጣቸው።

«አሁን ሸጋ ነው። ጫማው ይቆጠራል።»

«ያው ሌንስ ነው። ቀለበቱ ሲገባበት ሩቁን አያይም፤ በሠሪው ጥፋት ሳይሆን ሁለቱ ካሜራዎች ልካቸው ስለማይገጥም። ምንይችል፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

ዐብዱልከሪም ሌንሱን መልሶ በቀለበቱ ኒኮኑ ላይ ገጠመና አቀበለው።

«እይበት። ማክሰኞ ያነሣህበት ነው፤ የጫማ ቤቱን ስም አንብብልኝ።»

ምንይችል ካሜራውን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። ሌንሱን አዞረ። እስከ መጨረሻው አዞረው። ጫፍ ሲደርስ መለሰው፤ እንደገና አዞረው። ጣቱ ገፋ፣ ገፋ፤ ብረቱ ግን አልፎ አይሄድም። ሁሉም ያዩታል። ካሜራውን ከዐይኑ ለማውረድ ፈራ።

ዐብዱልከሪም ሥዕሉን ከኪሱ አወጣ።

«ይህ ከዚህ ሰገነት የተነሣ ነው። የጫማ ቤቱ ስም ይነበባል። ሰሊጥ የምትዝቀዋ ሴት የነጠላዋ ጥለት ይታያል። በዚያ በያዝከው ካሜራ የተነሣ አይደለም። ጎንደር ውስጥ በእጅህ ሊገባ የሚችል፣ ሩቅ የሚያይ አንድ ሌንስ ብቻ ነበረ። እሱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ኮሶዬ፣ በጋሼህ አንገት ላይ ነበር፤ አያ አበቡ አይተውታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ በአንተ እጅ ነው። በሕይወት ሳለ ከአንገቱ እንደማያወርደው የነገርከኝ አንተ ነህ።»

አዛዡ ቀና አለ። «ያ ካሜራ እስካልተገኘ ድረስ ወሬ ነው።»

ዐብዱልከሪም ወደ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ሦስቱን ካርቶኖች ይዞ ወጣ። ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው።

«አይከፈትም፤ ይቃጠላል» አለ ምንይችል።

«ይቃጠል።»

የመጀመሪያው ወረቀት ነበር። ሁለተኛውም ወረቀት ነበር። በሦስተኛው ውስጥ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ካሜራው ተገኘ። ማንገቻው ላይ ደም ደርቋል።

የአጎቱ ልጆች አንድ እርምጃ ራቁት። ምንይችል የያዘውን ካሜራ ሰገነቱ ወለል ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ የለመደ እጅ ነው።

«ቀይ መብራቱን አብርቼ ሄድኩ» አለ። «ለመንኩት። አንድ ጊዜ፣ ተራራውን በእሱ ልይ አልኩት። ‹አንተን ግድግዳ ይበቃሃል› አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድግዳ አየሁ። ድንጋይ አነሣሁ። ቁጣ ነው።»

«ድንጋዩ ከኮሶዬ ነው» አለ ዐብዱልከሪም። «ቀለበቱ ግን ከጎንደር፣ ከኪስህ ነው የሄደ። ማን እንደሚሰቀልበት መርጠህ ነው የወጣኸው። ይህ ቁጣ አይባልም።»

የትነበርሽ ነጠላዋን አጣፋች። «ሦስት ቀን ከጎኔ ቆመህ አለቀስክ» አለችው። «ድምፅህ ከእኔ ይበልጥ ነበር። አስተዛዛኙ ሁሉ አንተን አይቶ እኔን ታዘበ።»

በመጨረሻ የጠየቀው ሰጠኝ ነው። ወደ ምንይችል ጠጋ አለ፤ ፖሊሶቹ አልከለከሉትም።

«ጣቴንስ ለምን?»

ምንይችል ትከሻውን ሰበቀ። «ሰው እንዲያምነኝ።»

ወሰዱት። የአጎቱ ልጆችም አካል በማጉደል ተከስሰው ስድስት ስድስት ወር ታሰሩ። ሰጠኝን ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ሁለቱ ጣቶቹ ማክሰኞ ተቆረጡ።

ጥር ሲገባ ቶርኖ ቤቱን ከፈተ። ሞርሳው ያን ቀን ፖሊስ በፈታው ልክ፣ የሰው እጅ በሚያስገባ ስፋት ተከፍቶ ቆሟል። የነካው የለም። ሰጠኝ ፊት ለፊቱ ቆመ። በግራ እጁ እጀታውን ያዘና ብረት ብረትን እስኪነካ ጠመዘዘው። ቆጠረው።

ስድስት ዙር ነበር፤ ምንይችል ያዞረው ሦስት ተኩሉን ነው።